የሬጅስትሪ ቅጂዎችን በማነጻጸር የዊንዶውስ ክፍሎችን ጥገኝነት ማጥናት

የሬጅስትሪ ቅጂዎች ንጽጽር ማለት አንድ የስርዓተ ክወና ክፍል ከመጫኑ በፊትና ከተጫነ በኋላ የሬጅስትሪውን፣ ማለትም ዊንዶውስ የራሱንና የፕሮግራሞችን ቅንብር የሚያስቀምጥበትን የመረጃ ቋት፣ ይዘት ቀድቶ በማስተያየት የተጨመረውን፣ የተለወጠውንና የጠፋውን የመለየት ዘዴ ነው። ዓላማው ለውጡን ከመመዝገብ አልፎ፣ ክፍሉ በየትኞቹ ሌሎች ክፍሎች ላይ እንደሚደገፍ ማወቅ ነው።

ሬጅስትሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ከዊንዶውስ 3.1 ጋር ሲመጣ የፋይል ዓይነቶችና የኦኤልኢ (አንዱን ሰነድ በሌላው ውስጥ የማስገቢያና የማገናኛ ቴክኖሎጂ) መመዝገቢያ ብቻ ነበር። በዊንዶውስ ኤንቲና በዊንዶውስ 95 ግን የድራይቨሮች (ሃርድዌርን የሚያሠሩ ፕሮግራሞች)፣ የሰርቪሶች (ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) እና የሌሎች ፕሮግራሞች ቅንብር ማዕከል ሆነ። ዘዴው በተለይ የጠቀመው ዊንዶውስ ኤክስፒ ኤምቤድድን (በልዩ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገጠም የዊንዶውስ ዓይነት) ለሚያዘጋጁ ሰዎች ነበር፤ ስርዓቱ ከተናጠል ክፍሎች ተመርጦ ስለሚገነባ አንድ ጥገኝነት ከተዘነጋ ሌላው ክፍል ሥራውን ሊያቆም ይችላልና።

አንዳንዱ ጥገኝነት በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። በአንድ ሰርቪስ ቁልፍ (በሬጅስትሪ ውስጥ እንደ አቃፊ የሚያገለግል) ሥር ያለው «ዲፔንድ ኦን ሰርቪስ» የተባለ እሴት ቀድመው መነሳት ያለባቸውን ሰርቪሶች በስም ይዘረዝራል፤ ከ0 እስከ 4 የሚሆነው «ስታርት» ደግሞ መቼ እንደሚነሳ ይናገራል፦ 2 በራሱ፣ 3 ሲጠየቅ፣ 4 የታገደ። ከሁሉ ይልቅ ፍሬ የሚሰጠው ግን በተዘዋዋሪ የተጻፈው ነው። አዲስ የተጨመረ ቁልፍ ባለ 128 ቢት የኮም (ፕሮግራሞች አንዱ በሌላው ኮድ እንዲገለገል የሚያስችል የዊንዶውስ ሥርዓት) መለያ ቁጥር ከጠቀሰና ያ ቁጥር በመጀመሪያው ቅጂ ውስጥ አስቀድሞ ከነበረ፣ አዲሱ ክፍል በነባሩ ላይ እንደሚደገፍ ጠንካራ ፍንጭ ነው፤ ቁጥሩን ተከትሎ ወደ ተመዘገበው የዲኤልኤል ፋይል (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ፋይል) በመድረስ የፋይሉን ባለቤት ክፍል መለየት ይቻላል። ስለዚህ የተጨመረውን መስመር ብቻ ሳይሆን፣ መስመሩ የሚጠቁመውን ነባር ነገር ማየት ያስፈልጋል።

ስርዓቱ ሥራ ፈትቶ ሲቆይም ሬጅስትሪው ስለሚለዋወጥ፣ ምንም ሳይጫን ሁለት ቅጂ ወስዶ በመካከላቸው የታየውን ልዩነት ከዋናው ውጤት መቀነስ ይበጃል። «የአሁኑ የቁጥጥር ስብስብ» (CurrentControlSet) የተባለው የሬጅስትሪ ቁልፍ ወደ ሌላ ቁልፍ የሚመራ አገናኝ በመሆኑ አንድ ለውጥ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። ዳግም ሲነሳ የሚተኩ ፋይሎች ስላሉም ሁለተኛው ቅጂ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከተነሳ በኋላ ቢወሰድ የተሻለ ነው።

የዘዴው ትልቁ ወሰን የተጻፈውን እንጂ የተነበበውን አለማሳየቱ ነው፤ ጥገኝነት ደግሞ በአመዛኙ የሚገለጠው በንባብ ነው። አንድ ፕሮግራም ፈልጎ ያጣውን ቁልፍ የሚያሳየው እንደ ፕሮሰስ ሞኒተር ያለ መከታተያ ነው፤ አንድ ዲኤልኤል በቀጥታ የሚጠራቸው ሌሎች ፋይሎችም በሬጅስትሪ ሳይሆን በራሱ በፋይሉ ውስጥ ነው የሚመዘገቡት። በንጽጽር የተጠረጠረ ጥገኝነት የሚረጋገጠው ነባሩን ክፍል በቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ላይ አስወግዶ አዲሱ መነሳት አለመነሳቱን በማየት ነው።