ዜሮ ሰዓት ምንድን ነው? ኮሌጆች ለሃሪኬን ወደ ኋላ የሚቆጥሩበት ምክንያት

ከቴክሳስ እስከ ፍሎሪዳ ባለው የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ የሚገኙ ኮሌጆች የሃሪኬን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ ዕቅድ ሲጽፉ ቀን አይጠቅሱም። «120 ሰዓት ሲቀረው ይህ ይደረግ፣ 72 ሰዓት ሲቀረው ያ ይደረግ» ብለው ነው የሚጽፉት። ቆጠራው የሚያርፈው ዜሮ ሰዓት ላይ ነው፤ የቴክሳስ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች «ኤች አወር» ይሉታል። ዜሮ ሰዓት ማለት በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ወይም 39 ማይል የሚጓዝ የማያቋርጥ ነፋስ አካባቢው መድረስ የሚጀምርበት ሰዓት ነው። የአውሎ ነፋሱ ዓይን፣ ማለትም መሃሉ፣ የብስ የሚነካበት ሰዓት አይደለም። ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

ቴሌቪዥን አብዝቶ የሚያወራው ዓይኑ የት እና መቼ እንደሚደርስ ነው። ትልቅ ሃሪኬን ግን ነፋሱ ከመሃሉ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይደርሳል፤ ስለዚህ ያ 63 ኪሎ ሜትሩ ነፋስ ከዓይኑ ብዙ ሰዓት ቀድሞ ሊገባ ይችላል። ነፋሱ ከገባ በኋላ መሰላል ላይ ወጥቶ መስኮት ላይ ጣውላ መምታት አይቻልም። ረጃጅም ድልድዮች ይዘጋሉ፣ አውቶቡስ አይንቀሳቀስም፣ ብዙ ቦታ አምቡላንስም መውጣት ያቆማል። በአጭሩ፣ ከዜሮ ሰዓት በኋላ ያልተሠራ ሥራ ሳይሠራ ይቀራል።

ማያሚ የሚገኘው ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከልም የሚቆጥረው በዚሁ ነፋስ ነው። «ሃሪኬን ዎች» የሚያወጣው ነፋሱ ይደርሳል ከተባለበት 48 ሰዓት ቀድሞ፣ «ሃሪኬን ዋርኒንግ» ደግሞ 36 ሰዓት ቀድሞ ነው። ዎች ማለት ሃሪኬን ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፤ ዋርኒንግ ማለት ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። ዎች እስኪታወጅ እጁን አጣጥፎ የጠበቀ ኮሌጅ ሁለት ቀን ብቻ ይቀረዋል። በሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ዶርም ውስጥ ላለው ኮሌጅ ሁለት ቀን ጥቂት ነው።

ዜሮ ሰዓትን ራስ ገምቶ ማውጣት አያስፈልግም። ማዕከሉ ከ2018 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የነፋሱን መድረሻ ሰዓት የሚያሳዩ ሁለት ካርታዎች ያወጣል። አንደኛው ነፋሱ ይደርሳል ተብሎ በብዛት የሚጠበቅበትን ሰዓት ያሳያል። ሁለተኛው ቢፈጥን ቢፈጥን የሚደርስበትን ሰዓት ይሰጣል፤ ከዚያ ቀድሞ የመድረሱ ዕድል ከአሥር አንድ አይበልጥም። ዕቅድ መታሰር ያለበት በሁለተኛው ካርታ ነው። በመጀመሪያው የሚሠራ ሰው ሳያውቀው ግማሽ በግማሽ ዕድል ላይ እየተወራረደ ነው። የፀሐይ መግቢያም ሌላ ገደብ ነው፤ ዜሮ ሰዓቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢውል የውጭው ሥራ ማለቅ ያለበት ከዋዜማው ማታ 12 ሰዓት በፊት ነው። የማዕከሉ ሙሉ መግለጫ በየ6 ሰዓቱ፣ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ጠዋትና ማታ 5 እና 11 ላይ ይወጣል። በሐበሻ አቆጣጠርም ቁጥሮቹ ያው 11 እና 5 ስለሆኑ እዚህ ላይ ስህተት የለም። የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ለቤተሰብ ሲነገር ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ ይነገር።

ሰዓቱን ትተው ሌላ ነገር ላይ የሚያፈጡ ሰዎችን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የትንበያ ካርታ ላይ የሚታየው ሾጣጣ ነው። ሾጣጣው የሚያሳየው የዓይኑን መንገድ ብቻ ነው፤ የአውሎ ነፋሱን ስፋት አይደለም። ዓይኑ ራሱ ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ከሾጣጣው ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛው ካታጎሪ ነው። ካታጎሪ ከ1 እስከ 5 የሚለካው ነፋስን ብቻ ነው፤ ስለ ዝናብም ሆነ ነፋሱ ወደ የብስ ስለሚገፋው የባሕር ውሃ፣ ስቶርም ሰርጅ ስለሚባለው፣ የሚለው ነገር የለም። በጁላይ 2024 ሂዩስተንን የመታው ሃሪኬን በሪል የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ፣ ካታጎሪ 1 ነበር፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን መብራት አሳጥቷል። በጁን 2001 እዚያው ሂዩስተን የዘነበው አሊሰን የተባለው አውሎ ነፋስ ጭራሽ ሃሪኬን አልነበረም። ነገር ግን የሆስፒታሎችና የሕክምና ኮሌጆች ስብስብ የሆነውን የቴክሳስ ሜዲካል ሴንተርን የምድር ቤቶች ሞልቶ የሕክምና ኮሌጆቹን በሺዎች የሚቆጠሩ የምርምር እንስሳት ገድሏል።

ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል፤ የሚከረው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ፣ ማለትም በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። አጋጣሚው ለኮሌጅ መጥፎ ነው፤ አዲስ ተማሪዎች ከገቡ ጥቂት ሳምንታቸው ነው፣ ከተማውን አያውቁም፣ መኪናም ላይኖራቸው ይችላል። ለአትላንቲክ ሃሪኬኖች ብዙዎቹ መነሻ የሚሆኑት ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ የሚነጉዱ የአየር ሞገዶች ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚጠነሰሱት በኢትዮጵያ ደጋዎችና በዳርፉር ዙሪያ በሚነሳው የክረምት ነጎድጓድ ነው።

ቆጠራው ሲጀመር ምን ይሠራል? 120 ሰዓት ሲቀረው ሥራው ወረቀት ላይ ነው። የጀነሬተር ነዳጅ ይሞላል፣ የአውቶቡስ ውል መያዙ ይረጋገጣል፣ ዶርም ያለ ተማሪ ሁሉ «የት ትሄዳለህ? በምን?» የሚል አጭር ቅጽ ይሞላል። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ቅጽ ነው። መሄጃ የሌላቸው ስንት እንደሆኑ ያላወቀ ኮሌጅ ስንት አውቶቡስ እንደሚያስፈልገው አያውቅም። የአውቶቡስ ውልም ከወቅቱ በፊት ካልተፈረመ በዋዜማው አይገኝም፤ ሆስፒታሉም፣ የአረጋውያን መኖሪያውም፣ ክፍለ ሀገሩም የሚፈልጉት እነዚያኑ አውቶቡሶች ነው።

72 ሰዓት ሲቀረው ትምህርት መቼ እንደሚቆም ይወሰናል። ብዙ ኮሌጅ እዚህ ላይ ያመነታል፤ በከንቱ ከዘጋሁ ምን ይሉኛል ብሎ። ነገር ግን ተማሪው የሚወጣበት መንገድ የከተማው ሕዝብም የሚወጣበት ነው። የከተማው የመልቀቂያ ትእዛዝ ከመውጣቱ በፊት የተለቀቀ ተማሪ በሰዓታት የሚደርስበት ቦታ፣ ከትእዛዙ በኋላ ቀን ሙሉ መኪና ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ 72 ላይ መወሰን፣ 60 አካባቢ ማስወጣት መጀመር፣ 36 ላይ የመጨረሻውን አውቶቡስ መሸኘት ጤናማ ልክ ነው።

ከዶርም የሚወጣ ተማሪ ፍሪጁን ባዶ አድርጎ ይነቅለዋል፣ ቆሻሻ ያወጣል፣ ኮምፒውተርና ወረቀት ከወለልና ከመስኮት ያርቃል። የሳምንት መድኃኒት፣ የባንክ ካርድ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ ቻርጀር ይይዛል። መብራት ሲጠፋ የካርድ ማሽንም አብሮ ይጠፋልና። መስኮት ላይ ፕላስተር መለጠፍ ከንቱ ልማድ ነው፤ መስታወቱን አያጠነክረውም፣ ሲሰበር ትልልቅ ስባሪ ያደርገዋል እንጂ።

በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ያለ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ የመጣውም ጭምር፣ ፓስፖርቱን፣ ኮሌጁ የሰጠውን አይ-20 ቅጽ እና ወደ አገር መግባቱን የሚያሳየውን የአይ-94 ህትመት ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጎ በእጁ መያዝ አለበት። ዶርም ውስጥ የቀረ አይ-20 ከሳምንታት በኋላ የሚገኘው ሻግቶ ነው። ካምፓሱ ለረጅም ጊዜ ቢዘጋ ወደ ሌላ ኮሌጅ ከመሄዱም ሆነ ትምህርት ከመቀነሱ በፊት ከውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጋር መነጋገር ይኖርበታል፤ የቪዛ ሁኔታውን በመንግሥት ሥርዓት ላይ የሚመዘግበው እሱ ነው።

ከ48 እስከ 24 ባለው ጊዜ የከበደው ሥራ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሶዲየምና ከውሃ ጋር ሲገናኙ የሚቀጣጠሉ ኬሚካሎች ከታችኛው ፎቅ ወደ ላይ ይወጣሉ። የጋዝ ሲሊንደሮች ተዘግተው ከግድግዳ ይታሰራሉ። የማይተኩ ናሙናዎች ጀነሬተር ከሚነዳው ሶኬት ጋር ወደተያያዘ ማቀዝቀዣ ይዛወራሉ፤ አንድ ዓይነት ናሙና በሁለት ሕንፃ ቢከፈል ደግሞ የተሻለ ነው። የፈሳሽ ናይትሮጅን ጋን ይሞላል። ከአሊሰን በኋላ የሂዩስተን ኮሌጆች ያገኙት ትምህርት ቀላል ነበር፤ እንስሳትም፣ የመብራት ማከፋፈያም፣ ጀነሬተርም ምድር ቤት አይቀመጡም። ያም ሆኖ በ2012 ሳንዲ ኒው ዮርክን ሲመታ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በሺዎች የሚቆጠሩ የምርምር አይጦች የሞቱት እንደገና ምድር ቤት ውስጥ ነው። እንስሳትን በ48 ሰዓት ማዛወር አይቻልም፤ የሕንፃ ጉዳይ ነው፣ በክረምት በጋ የሚታሰብበት።

12 ሰዓት ሲቀረው «ራይድ አውት» የሚባለው ቡድን ይገባል፤ ነፋሱ እስኪያልፍ ከሕንፃ የማይወጣ የጥበቃ፣ የኤሌክትሪክ፣ የቧንቧ፣ የነርስና የዶርም ሠራተኛ ስብስብ ነው። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ 3.8 ሊትር ያህል ውሃ፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን ይቀመጣል። አሳንሰሮች ውሃ ከማይደርስበት ፎቅ ላይ ቆመው ይጠፋሉ። በካርድ የሚከፈቱ በሮች መብራትና ባትሪ ሲያልቅ ወይ ተቆልፈው ይቀራሉ ወይ ተከፍተው ይቀራሉ፤ ስለዚህ የብረት ቁልፉ በቡድኑ እጅ መሆን አለበት። የሚዘነጋው ሁለተኛው ቡድን ነው። የመጀመሪያው ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ከቆየ በኋላ የሚተካው፣ ከአደጋው ውጭ የሚጠብቅ ቡድን የሌለው ኮሌጅ በሦስተኛው ቀን ይዝላል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ 120 ሰዓት አለ ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ የለም። በ2018 ሃሪኬን ማይክል ከመወለዱ ፍሎሪዳን በካታጎሪ 5 እስከመምታቱ ሦስት ቀን ገደማ ነበር። በ2021 አይዳም እንዲሁ፤ ኦገስት 26 ተፈጥሮ ኦገስት 29 ሉዊዚያናን በካታጎሪ 4 መታ። የሉዊዚያናዋ የኒው ኦርሊንስ ከተማ ከንቲባ ለመላው ከተማ አስገዳጅ የመልቀቅ ትእዛዝ ያላወጡት ለዚያ የሚበቃ ሰዓት ስላልነበረ ነው። እዚያው ያለው ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የቀሩትን ተማሪዎች በአውቶቡስ ወደ ሂዩስተን ያወጣው ከአውሎ ነፋሱ በኋላ፣ ከተማው መብራት ባጣበት ሰዓት ነው። በመሆኑም ዕቅዱ ከ120 የሚጀምር ብቻ ሳይሆን ከ60 የሚጀምር አጭር ቅጂም ሊኖረው ይገባል። በአጭሩ ቅጂ መጀመሪያ የሚሰረዘው ዕቃ ማንሳት ነው፤ መጨረሻ የሚሰረዘው ሰው ማውጣት።

መዳረሻውም እንደ ሰዓቱ ይታሰባል። በ2005 ቱሌን አዲስ ተማሪዎቹን የተቀበለው ኦገስት 27፣ ካትሪና ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት ነበር፤ በዚያው ቀን ውጡ አላቸው። መሄጃ ያጡት በአውቶቡስ ሚሲሲፒ ወደሚገኘው ጃክሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ካትሪና ግን ወደዚያው ተጓዘና እዚያም መብራት አጠፋ፤ ተማሪዎቹ እንደገና መንቀሳቀስ ግድ ሆነባቸው። ቱሌን ዳግም የተከፈተው በጃንዋሪ 2006 ነው። ጃክሰን ከባሕሩ ይርቃል፣ ነገር ግን በአውሎ ነፋሱ መንገድ ላይ ነበር። አስተናጋጅ ኮሌጅ ሲፈለግ ከአንድ ይልቅ በሁለት የተለያዩ አቅጣጫዎች ቢያዝ፣ የትኛው እንደሚመረጥ ነፋሱ ራሱ ይናገራል።

ከዜሮ ሰዓት በፊት ለዓመቱ ሁሉ የሚበቁ ጥቂት ነገሮች አሉ። በፍሎሪዳ የመልቀቂያ ዞን ከኤ ጀምሮ በፊደል ይሰየማል፤ የሚለካው በስቶርም ሰርጅ ነው። የጎርፍ ኢንሹራንስ ካርታም የራሱ ፊደሎች አሉት፣ «ኤ» እዚያም አለ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በኢንሹራንስ ካርታ «ስጋቱ ዝቅ ያለ» የተባለ ዶርም በመልቀቂያ ካርታ ቀድሞ የሚወጣ ሊሆን ይችላል። የተከራይ ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ በተለምዶ ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ 30 ቀን በኋላ ነው። ዎች ሲወጣ የገዛው ተማሪ ለዚህ አውሎ ነፋስ አልገዛም ማለት ነው። ኮሌጁም የማንቂያ ሥርዓቱን ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲፈትሽ የካምፓስ ደኅንነትን የሚመለከተው የፌዴራሉ ክሌሪ ሕግ ያስገድደዋል። ፈተናው ከጁን በፊት ቢደረግ ግን በኦገስት የሚመጡት ተማሪዎች ስልክ ገና አልተመዘገበም፤ ትምህርት ሲጀመር መድገም ያስፈልጋል።

ነፋሱ ካለፈ በኋላ ቆጠራው ወደ ፊት ይሄዳል፤ አደጋውም ይቀየራል። አይዳና በ2020 ሃሪኬን ላውራ በሉዊዚያና ከገደሏቸው ብዙዎቹ ነፋስ የመታቸው አልነበሩም፤ ሙቀትና የጀነሬተር ጭስ ናቸው የገደሏቸው። ትንሽ ጀነሬተር ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ውጭ ብቻ ይነሳል፤ በረንዳም ጋራዥም አይሆንም። የዶርሙ ትልቅ ጀነሬተር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነዳው የመውጫ መብራትን፣ የእሳት ማንቂያንና ፓምፕን ነው እንጂ ኤሲና ሶኬት አይደለም። «ጀነሬተር አለን» ብሎ የተቀመጠ ተማሪ ይህን ቀድሞ ይስማ። ከመብራት መጥፋት በኋላ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ምግብ የሚያቆየው 4 ሰዓት ያህል ነው፤ የሞላ ፍሪዘር 48።

ተማሪ መቼ ይመለስ ለሚለው የመብራት መምጣት ብቻውን መልስ አይሆንም። የእሳት ማንቂያው መሥራቱ፣ የውሃው ግፊት ለእሳት ማጥፊያ ቧንቧ መብቃቱ፣ ውሃው ሳይፈላ መጠጣቱ መፈቀዱ ይታያል። ማንቂያ የማይሠራበትን ዶርም መክፈት ካስፈለገ በየፎቁ ሌሊቱን የሚዞር ሰው ይመደባል፤ ለዚያ የሚሆን ሰው ከሌለ ዶርሙ አይከፈትም።