«ካሜራህ ጥሩ ነው»፦ ስለ ካሜራ፣ ሌንስና ፎቶ ማጋራት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ካሜራህ ጥሩ ነው!» ፎቶ የምናነሳ ሰዎች ደጋግመን የምንሰማው ምስጋና ነው። ተናጋሪው በቅንነት ይለዋል፤ ከቃሉ ጀርባ ያለው እምነት ግን ብዙ ወጣቶችን ለማያስፈልግ ወጪ ሲዳርግ አያለሁ። ደመወዛቸውን አጠራቅመው ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ አስቸግረው ውድ ካሜራ ይገዛሉ። ፎቶው እንደ በፊቱ ሲሆንባቸው ደግሞ ሌላ ካሜራ መመኘት ይጀምራሉ። እኔ በፎቶ አልተዳደርም፤ በእረፍት ቀኔ የምሠራው፣ ከልቤ የምወደው ነገር ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከገዛ ኪሱ እያወጣ ለሚማር ሰው ነው።

«ሜጋፒክስሉ ከበዛ ፎቶው ይጠራል»

ስልክም ሆነ ካሜራ ሲሸጥ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ፎቶው ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው ይናገራል እንጂ ነጥቦቹ ጥሩ ስለመሆናቸው ምንም አይልም። የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ 6000 በ4000 ነጥብ ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሆኖ በጥሩ ጥራት ሲታተም 50 በ34 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣዋል፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ በቂ ነው። አብዛኛው ፎቶአችን ደግሞ የሚታየው በስልክ ነው፤ የተለመደው የስልክ ስክሪን ሦስት ሚሊዮን ነጥብ እንኳ አይሞላም።

ከ12 ወደ 24 ሜጋፒክስል መሸጋገርም ዝርዝሩን እጥፍ አያደርገውም። በወርድም በቁመትም እጥፍ ለማግኘት 48 ያስፈልጋል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው፣ በደብዛዛ ብርሃን በመሥራት የታወቀው አልፋ 7ኤስ ባለ 12 ሜጋፒክስል ነበር። የነጥቦቹ ቁጥር ያነሰው ሆን ተብሎ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ሰፋ ብሎ ብርሃን እንዲሰበስብ ነው።

«ዋናው ካሜራው ነው፤ ሌንስ በኋላ ይደረስበታል»

እኔ ተገላቢጦሹ ነው ባይ ነኝ። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው የተለመደው 18–55 ሚሊሜትር ሌንስ ወደ 55 ሲሳብ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ዋጋው ከአብዛኞቹ ሌንሶች ዝቅ የሚለው፣ የማይሳበው ቋሚ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ግን እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ሁለተኛው ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማታ ቤት ውስጥ ቡና ሲቀዳ ማየት ይቻላል። ብርሃኑ አንድ አምፖል ነው። በመጀመሪያው ሌንስ ካሜራው በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ 1/15 ሰከንድ ይጠይቃል፤ በዚያ ፍጥነት የቀጂዋ እጅ ይደበዝዛል፣ ጀበናውም ሁለት አንገት ያለው ይመስላል። በሁለተኛው ሌንስ 1/125 ላይ መሥራት ይቻላል። እጇ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከጀበናው አፍ እስከ ስኒው የሚወርደው ቀጭን የቡና መስመር ሳይበጠስ ይታያል። ካሜራው ያው ነው፤ ቤቱም አምፖሉም ያው ናቸው። በርግጥ ኤፍ 1.8 ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ጠባብ ስለሆነ ስኒውን ወይም ፊቷን መምረጥ ግድ ነው። እንዲህ ያለው ምርጫ ግን ፎቶ አንሺን ያስተምራል።

ስለዚሁ ሌንስ ሌላም የሚባል አለ፦ «አነስተኛ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ 50ው 80 ይሆናል።» አይሆንም። ሌንሱ ምንጊዜም 50 ነው። ትንሹ ሴንሰር፣ ማለትም ምስሉ የሚያርፍበት የካሜራው ክፍል፣ የምስሉን ዳር ዳር ስለሚቆርጠው የሚታየው ስፋት ሰፊ ሴንሰር ባለው «ሙሉ ፍሬም» ካሜራ ላይ የ80 ሚሊሜትር ሌንስ ከሚያሳየው ጋር ይስተካከላል፤ ይህ በካኖን ሲሆን በኒኮንና በሶኒ 75 ገደማ ነው።

«ሰፊ ሌንስ ፊት ያበላሻል»

ፊትን የሚለውጠው ርቀት ነው እንጂ ብዙ ቦታ የሚያሳየው ሰፊ ሌንስ አይደለም። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ 12 ሴንቲሜትር ያህል አለ እንበል። ካሜራው ከአፍንጫው በ40 ሴንቲሜትር ላይ ሲሆን ጆሮ ከአፍንጫ ይልቅ በ30 በመቶ ይርቃል፤ ስለዚህ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል። ሁለት ሜትር ሲርቁ ልዩነቱ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል፤ ፊቱም የምናውቀው ፊት ይሆናል። በክንድ ርቀት የተነሳ የስልክ ፎቶ ላይ ራሱን አይቶ መልኩን የሚጠላ ሰው ብዙ ነው። ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ ሁለት ሜትር አስርቆ፣ ኋላ ቆርጦ ማስፋት ቅሬታውን በአብዛኛው ያስወግዳል።

«ጥቁር ፊት ያለ ፍላሽ አይወጣም»

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ አመለካከት ይህ ነው፤ ጥፋቱን ከመሣሪያው አንስቶ በሰው መልክ ላይ ስለሚያሳርፍ።

በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ነጭና ጥቁር ለይቶ አያውቅም። የተሠራው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ እንዲቆጥር ነው። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ እንቁም። ከፊታችን ነጭ የለበሰ ሕዝብ አለ፤ ፍሬሙ በነጠላና በኩታ ተሞልቷል። መለኪያው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ፎቶውን ያጨልመዋል። ነጩ ልብስ አመድማ ይሆናል፤ ፊቶች ደግሞ ዓይንና አፍ እስከማይለይ ድረስ ይጠቁራሉ። ሰውየው ስለጠቆረ አይደለም፤ ካሜራው ነጠላውን ስለለካ ነው።

መፍትሔው ጣት ላይ ነው። አብዛኛው ካሜራ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለው የብርሃን ማስተካከያ አለው፤ ነጭ በሞላበት ፍሬም ወደ +1 ማድረግ ፊቱን ይመልሰዋል። ወይም መለኪያውን በአንድ ነጥብ ብቻ እንዲለካ አድርጎ ጉንጩን መለካት ይቻላል። ስልክም ቢሆን ፊቱን በጣት ነክተው ብርሃኑን ከፍ ማድረጊያ አለው። ነጠላው ላይ የጥለቱ ክር እስኪጠፋ ድረስ ግን ማብራት አይገባም፤ የጠፋ ነጭ ተመልሶ አይገኝም።

ታሪኩም ከመለኪያው ጋር አብሮ መታወቅ አለበት። በቀለም ፊልም ዘመን የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት የፊልም አምራቹ ኮዳክ በሚልክላቸው፣ «ሸርሊ ካርድ» በሚባል ፎቶ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ሴት ለረጅም ዓመታት ነጭ ነበረች። የእሷ ቆዳ እንዲያምር የተስተካከለ ማጠቢያ ጠይሙንና ጥቁሩን ቆዳ ጭቃማ ያደርገው ነበር። በዚያ ምክንያት ስንት የሠርግና የምርቃት ፎቶ እንደተበላሸ የሚቆጥረው የለም።

ችሎታው ግን ቀድሞም ነበር። የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ይሠራ በነበረበት ዘመን ካሜራ ውስጥ የብርሃን መለኪያ የሚባል ነገር አልነበረም። ብርሃን የሚለካው በዓይንና በልምድ ነበር። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው ለቤተ መንግሥቱ ሠርተዋል።

እዚያው ጥምቀት ላይ ሳለን፦ በካህናቱ ጥላ ሥር ያለ ፊት ቀልቶ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ሲወጣ «የካሜራው ቀለም ተበላሽቷል» ይባላል። ፀሐይ በቀዩ ጨርቅ አልፋ ስትወርድ ፊቱን ታቀላዋለች፤ ልብሱ ዝቅ ብሎ ግን ቀጥተኛ ፀሐይ ያገኘዋል። ሁለት ዓይነት ብርሃን በአንድ ፍሬም ውስጥ ስላለ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይዛባል። ሰልፉ ዞሮ ፀሐይዋ ከጎን በጥላው ሥር እስክትገባ መጠበቅ ከማንኛውም የኮምፒውተር ማስተካከያ ይሻላል።

«ፀሐይ ስትደምቅ ፎቶ ያምራል»

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ በትክክል አናታችን ላይ ትሆናለች። ያን ጊዜ ግንባር ያበራል፣ የዓይን ጉድጓድ ይጨልማል፣ ከአፍንጫ ሥር ጥቁር ጥላ ይወርዳል። ለሰው ፎቶ ከዚህ የከፋ ብርሃን አላውቅም። ሠርገኞች ግን መናፈሻ ሄደው ፎቶ የሚነሱት አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ሰዓት ነው። ዛፍ ወይም በረንዳ ጥላ ሥር፣ ፊትን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙሮ ማቆም ያድናል።

ከውጭ የተቀዳ ሌላ ስሕተትም አለ፤ ፀሐይ ዝቅ ስትል የሚገኘው የማለዳና የምሽት ብርሃን፣ «ወርቃማው ሰዓት» የሚባለው፣ አንድ ሰዓት ይቆያል የሚለው። በእኛ አገር አንድ ሰዓት አይሞላም። በአገራችን ፀሐይ የምትጠልቀው ቀጥ ብላ ስለሆነ ከአድማሱ 6 ዲግሪ ከፍ ካለችበት እስክትጠልቅ 25 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይወስዳል። በስቶክሆልም በሰኔ ወር ያው ጉዞ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ቦታና ሰው ቀደም ብሎ ይዘጋጅ፤ እንጦጦ ላይ ደርሶ ሌንስ መቀያየር ሲጀመር ብርሃኑ ያልቃል። የክረምት ደመናን ደግሞ አትናቁ፤ ሰማዩን ሁሉ የሸፈነ ደመና ለፊት የሚሆን ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል።

«አይኤስኦ ከፍ ካለ ፎቶ ይበላሻል»

ፎቶን ነጠብጣብ የሚያደርገው በዋናነት የብርሃን ማነስ ነው፤ አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚናገረው ቁጥር፣ ከፍ የሚለው ብርሃን ስላነሰ ነው። በ400 ላይ ጨልሞ የተነሳ ፎቶ በኮምፒውተር ሲበራ ነጠብጣቡ በ3200 በትክክል ከተነሳው ጋር ወይ እኩል ይሆናል፣ ወይ ከእሱ ይብሳል። ነጠብጣብ ያለበት ፎቶ ይታያል፤ እጅ ተንቀሳቅሶ የደበዘዘ ፎቶ ግን አይድንም። በቤተ ክርስቲያን የሌሊት ማኅሌት ላይ 6400 ማድረግ ማንንም ሊያሳፍር አይገባም።

ሌሎች አጫጭሮች። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 22 ማጥበብ ሁሉን ነገር አያጠራም፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይለሰልሳል፤ አብዛኞቹ ሌንሶች በኤፍ 5.6 እና በኤፍ 8 አካባቢ ይጠራሉ። ሌንስ ፊት ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ወይም አቧራ ፎቶ ላይ አትታይም፤ ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ ይልቁንስ መብራት በውስጡ አሳልፎ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ መፈለግ ነው። ሻጋታ ጨለማና እርጥበት ይወዳል። ባሕር ዳር ወይም ጅማ በክረምት ሌንሱን በቆዳ ቦርሳ ቆልፎ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ለሻጋታው ቤት እየሠራለት ነው። በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ከእርጥበት መምጠጫ ጋር ማስቀመጥና ቶሎ ቶሎ መጠቀም ይሻላል። መምጠጫው ሲጠግብ እንደማይሠራም ይታወቅ።

«በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፤ ኦሪጅናሉ እሱ ነው»

አይደለም። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል መጠኑ ተቀንሶ፣ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። ለስልክ ያምራል፤ ፎቶ ቤት ወስደው በትልቁ ሲያሳትሙት ግን ጠርዙ ይሸራረፋል። የሠርግ ፎቶአቸውን በዚህ መንገድ ብቻ ተቀብለው፣ ዋናው ከፎቶ አንሺው ኮምፒውተር ከጠፋ በኋላ የሚጨነቁ ቤተሰቦች አሉ። እንደ ፋይል ሲላክ ሳይነካ ይደርሳል።

ፋይል አድርጎ መላክ ግን ሌላ ነገር ይዞ ይሄዳል። በስልክ የተነሳ ፎቶ፣ የቦታ መረጃው ክፍት ከሆነ፣ የተነሳበትን ስፍራ በውስጡ መዝግቦ ይይዛል። ልጅዎ በቤት ግቢ ውስጥ ሲጫወት የተነሳ ፎቶ ለማያውቁት ሰው በፋይል ሲላክ የቤትዎን አድራሻ አብሮ ሊያደርስ ይችላል። ከመላክ በፊት የቦታውን መረጃ ማጥፋት ይገባል።

«ኢንተርኔት ላይ የወጣ ፎቶ የሁሉም ነው»

የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥራል። ፎቶ በፌስቡክ መለጠፉ ባለቤት አልባ አያደርገውም። የሌላን ሰው ፎቶ ስሙን ቆርጦ ለሱቅ ማስታወቂያ ማዋል ሲታይ እንደ ቀላል ነገር ይታለፋል፤ እኔ ግን ሌብነት ነው እላለሁ። መሀል ፎቶው ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ስም ፎቶውን ከማበላሸት በቀር ብዙም አያግድም። ዋናውን ፋይል በሙሉ መጠኑ መያዝና ስምን በፋይሉ መረጃ ውስጥ መጻፍ ባለቤትነትን ለማስረዳት የተሻለ ይረዳል።

ይሁንና ተቃራኒው ስሕተት የእኛ የፎቶ አንሺዎቹ ነው፤ «መንገድ ላይ ያነሳሁት ስለሆነ እንደፈለግሁ አደርገዋለሁ» የሚለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ መለጠፍ፣ ማባዛትና መሸጥ እንደማይቻል ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ለታወቁ ሰዎች፣ ለባለሥልጣናት፣ በአደባባይ ለተደረጉ ሥነ ሥርዓቶችና ለመሳሰሉት ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ የጥምቀት ሕዝብ በዚህ ውስጥ ይወድቃል። በእኔ አረዳድ ግን ይህ ልዩ ሁኔታ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥን እናት ፊት በቅርብ አንስቶ ለሆቴል ብሮሹር ለመሸጥ በር አይከፍትም።

መጠየቅ ፎቶውን ያበላሻል የሚሉ አሉ። ሰው ሲያውቅ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም እውነት ነው፤ ትንሽ ጨዋታ ከተጨዋወቱ በኋላ ግን ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ያን ጊዜ ማንሳት ነው። ያነሱትን አሳትሞ መልሶ መስጠት ደግሞ የፎቶ አንሺው ግዴታ ይመስለኛል። ልጅ ከሆነ ወላጅን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ፎቶው ለሽያጭ የሚውል ከሆነ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፣ ምን ላይ እንደሚወጣና ስንት እንደሚከፈልም በግልጽ ይጻፍበት።