ብግነት ምንድን ነው? የምንበላው ቅባትስ ምን አገባው?

እሾህ ጣት ሲወጋ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ቦታው ቀላ ይላል። ይሞቃል። ያብጣል። ሌሊት ላይማ እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ይነሳል። ኬልሰስ የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት እነዚህኑ ምልክቶች ቆጥሮ ጽፏቸዋል፤ መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅና ሕመም። ብግነት የምንለው ይኸው ነው። «የሰውነት መቆጣት» የሚሉትም አሉ። እኔ ይህን አባባል እወደዋለሁ፤ ነገሩ እውነትም ቁጣ ይመስላል።

ብግነት በራሱ በሽታ አይደለም። ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው። ቁስሉ አጠገብ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ቅላቱና ሙቀቱ ከዚህ ይመጣል። ግድግዳቸው ይላላና ፈሳሽ ያሳልፋል፤ እብጠቱ እሱ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳትም በዚያው ሾልከው ይወጣሉ። ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። ማክሮፋጆች ይከተላሉ። ስማቸው ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «ትልቅ በላተኛ» እንደማለት። ጀርሙንም የሞተውንም ሕዋስ እየዋጡ ቦታውን ያጸዳሉ። ሁሉም በደንብ ከሄደ ጣታችን በጥቂት ቀን ውስጥ እንደነበረው ይሆናል።

መጥፎው፣ ሥራው አልቆ ቁጣው አልበርድ ሲል ነው። እንዲህ ያለው ብግነት አይታይም፤ ብዙ ጊዜም አያምም። ግን ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። የደም ሥር መጥበብና ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ሲነሱ የእሱም ስም አብሮ ይነሳል።

እሺ፣ ቅባት እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ቅባት ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ውፍረትና ኮሌስትሮል ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። የምንበላው ቅባት ሁሉ ተቃጥሎ ጉልበት አይሆንም፤ ሁሉም ቦርጭ ሆኖ አይቀመጥም። ከፊሉ ራሱ ሕዋስ ይሆናል። እያንዳንዱ ሕዋስ በድርብ የቅባት ገለፈት የተሸፈነ ነው። ነጭ የደም ሕዋስም እንደዚያው። ያ ገለፈት ከምን ዓይነት ቅባት እንደሚሠራ በከፊል የሚወስነው ገበታችን ነው። አንድ ሰው ቅባት ያለው ዓሣ ለጥቂት ሳምንታት አዘውትሮ ቢበላና ደሙ ቢመረመር፣ የዓሣው ቅባት ነጭ የደም ሕዋሳቱ ገለፈት ላይ ተሰክቶ ይገኛል። የበላው ነገር የወታደሮቹ ልብስ ሆኗል ማለት ነው።

ልብስ ብቻ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ገለፈቱ ግን መጋዘንም ነው።

ሕዋሱ አደጋ ሲሰማው አንድ ኢንዛይም፣ ማለትም የሕዋሱን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያቀላጥፍ ፕሮቲን፣ ከገለፈቱ ላይ ቅባት ቆርጦ ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው አራኪዶኒክ አሲድ የሚባል፣ ከኦሜጋ-6 ቤተሰብ የሆነ ቅባት ነው። ሌላ ኢንዛይም ይቀበለውና ፕሮስታግላንዲን ወደሚባል መልእክተኛ ይለውጠዋል። የደም ሥሩን የሚያሰፋው፣ ሕመሙን የሚያብሰው፣ ትኩሳት የሚያመጣው ይህ መልእክተኛ ነው። አስፕሪን የሚሠራው ደግሞ ያንን ሁለተኛ ኢንዛይም በማገድ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳየው እንግሊዛዊው ጆን ቬን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ከስዊድናውያኑ ሱኔ በርግስትሮምና ቤንግት ሳሙኤልሰን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ራስ ምታት ይዞን አስፕሪን ስንውጥ የምናስቆመው ከቅባት የተሠራ መልእክት ነው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ቅባትን የማይበት ዓይን ተለውጧል።

አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ። በዓሣ ውስጥ የሚገኙት ዋናዎቹ የኦሜጋ-3 ቅባቶች ኢፒኤ እና ዲኤችኤ ይባላሉ። ገለፈቱ ላይ ሲሰኩ የአራኪዶኒክ አሲድን ቦታ ይሻማሉ። ኢንዛይሙ ሊቆርጥ ሲመጣ አንዳንዴ በአራኪዶኒክ ፈንታ ኢፒኤን ያገኛል። ከእሱም መልእክተኛ ይሠራል፤ መልእክቱ ግን የለዘበ ነው። ለምሳሌ ኒውትሮፊሎችን የሚጠራ ሉኮትሪን የሚባል መልእክተኛ አለ። ከኢፒኤ የተሠራው ከአራኪዶኒክ ከተሠራው በብዙ እጥፍ የደከመ ነው። ጥሪው ይሰማል፤ ግን እንደ ጩኸት ሳይሆን እንደ ሹክሹክታ።

ከዚህ የሚበልጠው ገና ነው። ድሮ ብግነት በራሱ ጊዜ የሚከስም ነገር ይመስል ነበር፤ እንጨቱ ሲያልቅ እሳቱ እንደሚጠፋው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ቦስተን የሚሠራው ቻርልስ ሰርሃንና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር አገኙ። ብግነት የሚያበቃው በትእዛዝ ነው። «በቃ» የሚል መልእክተኛ አለ። ይህ መልእክተኛ ኒውትሮፊሎች መጉረፋቸውን እንዲያቆሙ ያደርጋል፤ ማክሮፋጆችን ደግሞ የቀረውን እንዲጠርጉ ያነሳሳል። ሪዞልቪን ብለው ሰየሙት። የሚሠራውም ከኢፒኤና ከዲኤችኤ ነው። ስለዚህ ኦሜጋ-3 ቁጣውን ማለዘብ ብቻ አይደለም ሥራው፤ የማብረጃው ጥሬ ዕቃም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ላርም፤ ብዙ ሰው ስለሚያስጨንቅ። «ኦሜጋ-6 ብግነት ስለሚያመጣ የሱፍ፣ የበቆሎና የአኩሪ አተር ዘይት መርዝ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። አመክንዮው ልክ ይመስላል። በነዚህ ዘይቶች ውስጥ ያለውን ሊኖሌይክ አሲድ ሰውነት ወደ አራኪዶኒክ መለወጥ ይችላልና። ነገር ግን ጤነኛ ሰዎች ሊኖሌይክ አሲድ ጨምረው እንዲመገቡ ተደርጎ ሲሞከር፣ ደማቸው ውስጥ ያሉት የብግነት ምልክቶች አልጨመሩም። ሰውነት አራኪዶኒክን የሚሠራው እየመጠነ ነው፤ ዘይት ስለጨመርንለት ብቻ ዝም ብሎ አያመርትም። በዚያ ላይ አራኪዶኒክ ራሱ ሊፖክሲን የሚባል ሌላ የ«በቃ» መልእክተኛ ይወጣዋል። ሰውን ከዘይት ማስፈራራት ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ይህን ያህል ጥቁርና ነጭ አይደለም።

የሚረጋው ቅባትስ? ሳቹሬትድ የሚባለው ማለቴ ነው፤ ቅቤ፣ ጮማ፣ የፓልም ዘይት ውስጥ በብዛት ያለው። ከነዚህ ብዙ የተጠናው ፓልሚቲክ አሲድ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ማክሮፋጆች ላይ ሲጨመር ሕዋሳቱ ይቆጣሉ፤ የብግነት መልእክት መርጨት ይጀምራሉ። ለምን? ለረጅም ጊዜ የተሰጠው መልስ ይህ ነበር። ማክሮፋጅ ላይ የባክቴሪያን ሽፋን የሚለይ የማንቂያ ደወል አለ። የባክቴሪያው ሽፋንም የሚረጋ ቅባት ስላለበት፣ ፓልሚቲክ አሲድ ደወሉን በስህተት ይነካዋል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ግን ፓልሚቲክ አሲድ ደወሉን በቀጥታ እንደማይነካ አሳየ። ይልቅ ደወሉ አስቀድሞ ከተነካካ፣ ሕዋሱ ውስጥ ያለውን የቅባት አያያዝ እያዛባ ቁጣውን ያባብሳል። የሚገርመው፣ የወይራ ዘይት ዋና ቅባት የሆነው ኦሌይክ አሲድ አብሮ ሲጨመር ጉዳቱ ይቀንሳል። በእርግጥ የቤተ ሙከራ ሳህንና የምንበላበት ሳህን አንድ አይደሉም። ማንም ሰው ፓልሚቲክ አሲድን ብቻውን አይበላም።

ስለ ትራንስ ፋት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፈሳሽ የአትክልት ዘይት በሃይድሮጂን እንዲረጋ ሲደረግ የሚፈጠረው ነው። በሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ከብግነት ምልክቶች መጨመር ጋር ተያይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥሪ፣ በፋብሪካ የሚመረተው ትራንስ ፋት እስከ 2023 ድረስ ከምግብ እንዲወጣ ጠይቋል። እኔም ብትተዉት እላለሁ።

የወይራ ዘይትን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ሞክሩ። ጥሩ፣ ያልተጣራ የወይራ ዘይት በማንኪያ ቅመሱ። ምላስ ላይ አይቆነጥጥም። ሲዋጥ ግን ጉሮሮ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ አንዳንዱን ያስለዋል። ጋሪ ቦሻምፕ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህ ስሜት አይቡፕሮፌን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ በፈሳሽ መልኩ ሲዋጥ ከሚሰማው ጋር አንድ መሆኑን ልብ አለ። ከባልደረቦቹ ጋር ነገሩን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱን አሳተመ። ቆንጣጩ ኦሊዮካንታል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ አይቡፕሮፌን የሚያግደውን ያንኑ ኢንዛይም ያግዳል። መጠኑ ትንሽ ነው። 50 ግራም ዘይት ውስጥ ያለው ከአንድ አዋቂ የሕመም ማስታገሻ መጠን 10 በመቶ ገደማውን ቢያህል ነው። ግን ምግብ ለሕዋስ የሚናገረውን በገዛ ጉሮሮ መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

ዓሣ የማይበላ ሰው ተልባና ዋልነት አለው። በነሱ ውስጥ ያለው ኦሜጋ-3 ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ሰውነት ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ወደ ዲኤችኤ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ሁለቱን በቀጥታ ለማግኘት የአልጌ ዘይት አለ፤ አልጌ ውኃ ውስጥ የሚያድግ ዕፅ መሰል ነገር ነው። ዓሦቹም ቢሆኑ የሚያገኙት መነሻው ከአልጌ ነው።

ኦሜጋ-3 በደንብ ከተሞከረባቸው ሕመሞች አንዱ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው፤ ሰውነት የገዛ መገጣጠሚያውን የሚቆጣበት በሽታ። በቀን 3 ግራም ገደማ ኢፒኤና ዲኤችኤ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ የወሰዱ ሕመምተኞች፣ የጠዋቱ መገጣጠሚያ መተሳሰር ቀለል ብሏቸዋል፤ የማስታገሻ ፍላጎታቸውም ቀንሷል። መድኃኒታቸውን ግን አልተኩበትም። ይህን ያህል መጠን ሲወሰድ የልብ ምት መዛባት ዕድሉ በትንሹ ከፍ ስለሚል፣ የደም ማቅጠኛም የሚወስዱ ሰዎች ስላሉ፣ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ መጀመር አይገባም። የዓሣ ዘይት እንክብል ስትገዙም የዕቃውን ጀርባ አንብቡ። ፊት ለፊት «1,000 ሚሊ ግራም» የሚለው የዘይቱ ክብደት ነው። ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ሚሊ ግራም ነው። በዚህ ስሌት 3 ግራም ማለት በቀን አሥር እንክብል ነው።