ሮቦት ስለሚሰበስቡ ሰዎች የሚወራውና እውነታው

እንግዳ ቤት ገብቶ መደርደሪያው ላይ የተሰለፉትን የመጫወቻ ሮቦቶች ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ልጅ አላችሁ እንዴ?» ብሎ ነው። የለንም ሲባል ሁለተኛው ጥያቄ «ታዲያ ውድ ይሆናሉ ማለት ነው?» ይሆናል። ከሁለቱ ጥያቄዎች ጀርባ ያለውንና ሌላም ሌላም የሚባለውን በተራ እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«የልጅ ዕቃ ነው»

ጋንዳም የተባለው የጃፓን ተከታታይ ካርቱን በ1979 ሲጀመር፣ ወጪውን የሸፈነው ክሎቨር የተባለ መጫወቻ አምራች ነበር። ክሎቨር ያሰበው ለትንንሽ ልጆች ደማቅ ቀለም ያለው ሮቦት ለመሸጥ ነው። ታሪኩ ግን ጦርነትና ስደት የበዛበት፣ ሳይወድ በግዱ የሚዋጋ ወጣት ያለበት ሆነ። ተመልካች አነሰ፣ መጫወቻውም እንደታሰበው አልሸጠ፤ 52 ክፍል ሊሆን የታቀደው በ43 ተቋጨ።

ያዳኑት ከፍ ያሉት ናቸው፤ ታዳጊዎችና ተማሪዎች። ባንዳይ የተባለው ኩባንያ በሐምሌ 1980 በ300 የን የሚሸጥ፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ሞዴል አወጣ። በታሪኩ ውስጥ 18 ሜትር የሚረዝመው ጋንዳም በ144 ተካፍሎ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ሆነ። ያ ትንሽ ካርቶን ከሱቅ እስኪጠፋ ተሸጠ፤ ዛሬም እየተሸጠ ነው። ስለዚህ የዚህ ሁሉ ነገር ትልቁ ቅርንጫፍ ከልጆች ገበያ ወድቆ ከፍ ባሉት የተነሣ ነው።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ዕድሜም ሰውን ያሳስታል። «ከ15 ዓመት በላይ» የሚለው ብዙ ጊዜ ስለ ሹል ጫፍና ስለሚዋጥ ትንሽ ክፍል የሚናገር የደኅንነት ምልክት ነው እንጂ ዕቃው ምን ያህል ከባድ ወይም ቁም ነገረኛ እንደሆነ አይናገርም።

«ሁሉም የሚያብረቀርቅ ጦረኛ ነው»

ይሄን የሚል ሰው የጃፓናዊውን ሞዴል ሠሪ የኮው ዮኮያማን ሥራ አላየም። ዮኮያማ በ1982 ሆቢ ጃፓን በተባለው መጽሔት ላይ ሰው እንደ ልብስ የሚገባባቸውን ማሽኖች ማሳየት ጀመረ። የሠራቸው ከመኪና፣ ከአውሮፕላንና ከታንክ ሞዴሎች የተረፉ ቁርጥራጮችን እያጣበቀ ነበር። የወጡት ፍጥረታት ሆዳቸው የተነፋ፣ እግራቸው አጭር፣ ቀለማቸው የተላላጠ፤ ከጦር ሜዳ ይልቅ ከጋራዥ የወጡ የሚመስሉ። አንዳንዶቹን አይቶ አለመሳቅ ይከብዳል። በኋላ ኒቶ የተባለ አምራች በ1 ለ20 መጠን ለገበያ አቀረባቸው፤ ዛሬ ማሺነን ክሪገር በሚል ስም ይታወቃሉ። በዚህ መጠን ውስጡ የሚቀመጠው ሰው ቆሞ ቢለካ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዮኮያማ ቀለሙን በብሩሽ ነው የሚቀባው፤ የብሩሹ መንገድ እንዲታይም ሆን ብሎ ይተወዋል። ለእኔ ከማንኛውም ወርቃማ ክንፍ ካለው ሮቦት ይበልጥብኛል።

«ትራንስፎርመርስ የአሜሪካ ፈጠራ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ከመኪና ወደ ሮቦት ለሚገለባበጡት ለእነዚህ መጫወቻዎች ስም፣ ጠባይና ታሪክ የሰጧቸው አሜሪካውያን ናቸው፤ የብዙዎቹን ስም ያወጣው የማርቭል ኮሚክስ አዘጋጅ የነበረው ቦብ ቡዲያንስኪ ነው። ዕቃው ራሱ ግን ሌላ የትውልድ ሐረግ አለው።

ሐረጉ የሚጀምረው ከአሜሪካ መሆኑ ነው የሚገርመው። ሃስብሮ የተባለው የአሜሪካ መጫወቻ አምራች በ1964 ጂአይ ጆ የተባለውን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ወታደር አወጣ። የጃፓኑ ታካራ ፈቃድ ወስዶ እሱኑ ሸጠ፤ ከዚያም በ1972 የዚያኑ ወታደር አካል ውስጡ በሚያሳይ ፕላስቲክ ሠርቶ ሳይቦርግ (ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ማሽን) አደረገው። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ፕላስቲክም ተወደደ። በ1974 ሳይቦርጉ ወደ አሥር ሴንቲ ሜትር አካባቢ ተጨመቀና ማይክሮማን ተባለ። ያነሰ ሰው ደግሞ በጠረጴዛ ላይ የሚበቃ መኪናና ሮቦት ሊኖረው ይችላል። በ1980 ዳያክሎን የተባለው መስመር ሲመጣ ሰዎቹ ይበልጥ አንሰው፣ እግራቸው ማግኔት ያለበት አብራሪዎች ሆኑ፤ መኪናው እየተገለባበጠ ሮቦት የሚሆነውም እዚህ ነው። ሃስብሮ እነዚህን ከታካራ ወስዶ በ1984 ትራንስፎርመርስ ብሎ ሸጣቸው። ወታደሩ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ መኪና ሆኖ ለላከው ድርጅት ተመለሰ ማለት ነው።

ማስረጃው ዕቃው ላይ አለ። በአሜሪካው ታሪክ ሮቦቶቹ ራሳቸው ሕይወት ስላላቸው አብራሪ አያስፈልጋቸውም፤ አብራሪዎቹም ተቀነሱ። የቀድሞዎቹን መኪኖች ከፍታችሁ ብታዩ ግን የአብራሪው መቀመጫ ባዶውን ተቀምጧል። ከሮቦቶቹ መካከል ሜጋትሮን ሽጉጥ፣ ሳውንድዌቭ ደግሞ ካሴት ማጫወቻ የሆኑትም በሰው እጅ በሚያዝ መጠን ነው፤ ምክንያቱም የመጡት የቤት ዕቃ መስለው ከሚደበቁት የማይክሮማን ሮቦቶች ነው። በካርቱኑ ግዙፍ የነበረው ሜጋትሮን ሽጉጥ ሲሆን እንዴት ያንን ያህል እንደሚያንስ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ ከታሪኩ ሳይሆን ከፋብሪካው ነው።

«የቻይና ከሆነ ኦሪጅናል አይደለም»

ይሄ እኛ ዘንድ ከጫማ እስከ ሞባይል የሚነገር ነው። እዚህ ግን አይሠራም። ታላላቆቹ ድርጅቶች አብዛኞቹን ተገጣጥመው የሚሸጡ ሮቦቶች የሚያስመርቱት በቻይናና በቬትናም ነው። ጋንዳም ሞዴሎች ግን በብዛት የሚወጡት ከጃፓኗ ሺዙኦካ ነው። የሐሰቱን ከእውነተኛው የሚለየው የአምራቹ ማኅተም፣ የኅትመቱ ጥራት፣ የመገጣጠሚያው ጥብቅነትና የዋጋው ነገር ነው። እኩሌታ ዋጋ የተባለ አዲስ ዕቃ ካያችሁ ጠርጥሩ።

«ካርቶኑ ካልተከፈተ ዕድሜ ልኩን አይነካውም»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጣል። ፕላስቲክ ካርቶን ውስጥም ያረጃል። ፒቪሲ የተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ቅባት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ በታሸገ ቦታ ደግሞ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይጠራቀማል። ከዓመታት በኋላ ሲከፈት እጅ ላይ ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጥቦ አየር ማግኘቱ ነው የሚበጀው። ነጭ ፕላስቲክ በፀሐይ ብርሃን ቢጫ ይሆናል፤ ሙቀትና አየርም ስለሚያፋጥኑት ጨለማ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ከሁሉም የከፋው ብረት መሰል ብናኝ ተቀላቅሎበት ወርቃማ የተደረገው የ1980ዎቹ መጨረሻና የ90ዎቹ ፕላስቲክ ነው። ቅልቅሉ ሲያረጅ ይደርቅና እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። በጃፓን በ1988 የወጣው ብላክ ዛራክ የተባለ ትራንስፎርመር በዚህ የታወቀ ነው። ሳይነካ ተቀምጦም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ይሄን ያላወቀ ገዢ ውድ ዋጋ ከፍሎ፣ የሮቦቱን ክንድ አንዴ ሊያጥፍ ሲሞክር እጁ ላይ ይቀርበታል።

«ገንዘብ ማስቀመጫ ነው»

የሚጠቀሰው ሁሌም ያው ነው፤ ስታር ዋርስ የተባለው ፊልም ገጸ ባሕርይ የሆነው የቦባ ፌት መጫወቻ። ጀርባው ላይ ሮኬት የሚተኩሰው ናሙና በ2019 በጨረታ 185,850 ዶላር ተሸጧል። ነገር ግን ያ ዕቃ ሱቅ ገብቶ አያውቅም፤ ለሕፃናት አደገኛ ነው ተብሎ ከመሸጡ በፊት ተሰረዘ። የተረፉት ጥቂት የሙከራ ናሙናዎች ብቻ ናቸው። በሺዎች ከተመረተ ዕቃ ጋር ምን ያገናኘዋል? በተቃራኒው፣ ጋንዳም ሞዴል «አልቋል» ተብሎ ዋጋው ሦስት እጥፍ ሲደርስ ባንዳይ እንደገና ያመርተዋል፤ በተወደደ ዋጋ ገዝቶ ያስቀመጠው ይከስራል። የወደዳችሁትን ግዙ፤ ጡረታችሁን ሌላ ቦታ አስቡ።

«መገጣጠም ሙጫ፣ ቀለምና ሙያ ይጠይቃል»

የ1980ው ሞዴል ሙጫ ይጠይቅ ነበር። የዛሬዎቹ በእጅ ተጭነው የሚገቡ ናቸው፤ ክፍሎቹም ከፋብሪካ በየቀለማቸው ይመጣሉ። የሚያስፈልገው አንድ ጥሩ መቁረጫ ፒንሳ ነው። ጥፍር መቁረጫም ይሠራል፣ ግን ጠርዙን ያቆስለዋል።

ዘዴው ሁለት ጊዜ መቁረጥ ነው። መጀመሪያ ክፍሉን ከያዘው ፍሬም ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ትንሽ ጉቶ ይቀራል። ከዚያ ጉቶውን ለብቻው ከሥሩ አስጠግታችሁ ቁረጡ። በአንድ ጊዜ ተጠግቶ የሚቆርጥ ሰው ፕላስቲኩን ስለሚያስጨንቀው፣ በተለይ ጥቁርና ሰማያዊ ክፍል ላይ ነጭ ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው ቀላል ከሆነ በአውራ ጣት ጥፍር አጥብቃችሁ ስታሹት ይደበዝዛል፤ ካልሆነ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጨርሰዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው 1 ለ144ቱን ይዞ ቢጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።