እየተነፈሰ ያለ ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲታይ

ሳንባ ላይ አጠራጣሪ ነገር ሲገኝ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ምርመራ ብሮንኮስኮፒ ነው። ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ በአፍንጫ ወይም በአፍ ገብቶ ወደ አየር ቧንቧዎች ይወርዳል። ጫፉ ላይ ያለው ካሜራ የቧንቧውን የውስጥ ገጽ ያሳያል። መቅላት፣ እብጠት፣ ደም፣ አክታ፣ ሁሉም ይታያል። ህዋስ ግን አይታይም። ህዋስ ለማየት ቅንጣት ሥጋ ተቆርጦ ፎርማሊን ውስጥ ይገባና ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ታካሚው ውጤቱን ለቀናት ይጠብቃል። ፓቶሎጂስቱ ፊት የሚደርሰውም ከሰውነት የወጣ፣ በስሱ የተከተፈና ቀለም የተነከረ ናሙና ነው። መተንፈስ ካቆመ ቆይቷል።

ኮንፎካል ሌዘር ኢንዶማይክሮስኮፒ የሚባለው ዘዴ ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ነው። ማይክሮስኮፑ ራሱ በብሮንኮስኮፑ በኩል ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሰውየው እየተነፈሰ፣ ደሙ እየተዘዋወረ፣ ሐኪሙ ምስሉን እዚያው ስክሪን ላይ ያያል።

ወደዚህ የተደረሰው በብዙ ሰዎች ሥራ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1897 ጀርመናዊው ጉስታቭ ኪሊያን ፍራይቡርግ ውስጥ ከአንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ የተሰነቀረ የአሳማ አጥንት በብረት ቱቦ አወጣ። ብሮንኮስኮፒ ከዚያ ይጀምራል። በ1966 ጃፓናዊው ሺጌቶ ኢኬዳ የመስታወት ፋይበር ያለው ተጣጣፊ ብሮንኮስኮፕ ይዞ መጣ። በመሃል፣ በ1957፣ አሜሪካዊው ማርቪን ሚንስኪ ለኮንፎካል ማይክሮስኮፕ የፈጠራ መብት ጠይቆ ነበር። ሚንስኪ በኋላ ስሙ የገነነው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ይሄኛው ሥራው ግን ዛሬ በየምርምር ላቦራቶሪው አለ። ሁለቱን መስመሮች ያገናኘው መሣሪያ ሴልቪዚዮ ይባላል። የሠራው በ2000 ፓሪስ ውስጥ የተቋቋመው ማውና ኬያ ቴክኖሎጂስ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ሳሻ ሉዋዞ የሥነ ፈለክ ፊዚክስ ሰው ስለነበር የድርጅቱ ስም የተወሰደው ቴሌስኮፖች ከተተከሉበት የሃዋይ ተራራ ነው።

አሠራሩን ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ። 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ገመድ በብሮንኮስኮፑ የመሣሪያ ማስገቢያ ቀዳዳ ያልፋል። ገመዱ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የፀጉር ያህል እንኳ የማይወፍሩ ፋይበሮች ታስረዋል። የሞገድ ርዝመቱ 488 ናኖ ሜትር የሆነ ሰማያዊ የሌዘር ብርሃን በእያንዳንዱ ፋይበር በተራ ይላካል። ብርሃኑ የነካው ነገር መልሶ አረንጓዴ ብርሃን ካወጣ፣ ያው ፋይበር ተቀብሎ ይመልሰዋል። ከሌላ ጥልቀት የመጣው የተደበላለቀ ብርሃን በአብዛኛው ወደ ፋይበሩ ስለማይገባ ምስሉ ጥርት ይላል። ይህ በሰከንድ ወደ 10 ጊዜ ስለሚደጋገም የሚታየው ቪዲዮ ነው።

ታዲያ ሳንባ ውስጥ ምን ያበራል? መልሱ ኢላስቲን ነው። ሳንባ በየትንፋሹ ተለጥጦ እንዲመለስ የሚያደርገው ፕሮቲን ማለት ነው። ያለ ምንም ቀለም በተፈጥሮው አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። ለዚህም ነው የሳንባ ምርመራ፣ ከአንጀቱ በተለየ፣ ብዙ ጊዜ ቀለም በደም ሥር መስጠት የማያስፈልገው። በአየር ቧንቧ ግድግዳ ላይ ኢላስቲኑ የተጠላለፈ መረብ ሆኖ ይታያል። ገመዱ ወደ ዳር ሲገፋ ምስሉ ይለወጣል፤ ክብ ክብ የሆኑ የአየር ከረጢት በሮችና በዙሪያቸው ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይመጣሉ።

ፈረንሳይ ሩዋን ከተማ የሚገኘው የሉክ ቲበርቪል ቡድን በ2007 የአየር ቧንቧ ግድግዳን፣ በ2009 ደግሞ የአየር ከረጢቶችን ምስል አሳተመ። ሁለተኛው ሥራ በጣም ይገርመኛል። በጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ሰዎቹ በማደንዘዣ አልተኙም፤ በራሳቸው እየተነፈሱ ነበር። ከእነሱ መካከል የሚያጨሱም የማያጨሱም ነበሩ። በማያጨሱት ከረጢት ውስጥ ከኢላስቲኑ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አይታይም። በሚያጨሱት ውስጥ ግን ደማቅ ክብ ነገሮች ይንሳፈፋሉ። ማክሮፋጅ የሚባሉት የሳንባ ጠራጊ ህዋሶች ናቸው። ያስበራቸው የዋጡት የትምባሆ ታር እንደሆነ ከብርሃኑ ባህርይ ለማወቅ ተችሏል። ሲጋራ ሳንባ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ በላይ በግልጽ የሚያሳይ ምስል አላውቅም። የሚያጨስ ታካሚ የገዛ ሳንባውን እንዲህ ቢያየው ደስ ይለኝ ነበር።

ሆኖም ዘዴው የማያየው ብዙ ነው። የሚደርሰው ከገጹ በታች 50 ማይክሮን ገደማ፣ ማለትም አንድ ሃያኛ ሚሊ ሜትር ድረስ ብቻ ነው። የአንዱ ምስል ስፋት 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ያንሳል። ሰፊ ሳንባ በዚህ መጠን መፈተሽ ጊዜም ትዕግሥትም ይጠይቃል። ትንፋሹና የልብ ምቱ ደግሞ ምስሉን ያንቀጠቅጡታል። ከሁሉም የሚብሰው፣ በሰማያዊው ብርሃን የአየር ቧንቧው ሽፋን ህዋሶች ያለ ቀለም አለመታየታቸው ነው። የካንሰር ጅማሬ ባለበት ቦታ የኢላስቲኑ መረብ ተበታትኖ ይገኛል። ነገር ግን የተበታተነ መረብ ብቻውን ካንሰር ነው አያሰኝም። ህዋሶቹን ለማየት ሜቲሊን ብሉ ተቀብቶ በቀይ ብርሃን ማየት ተሞክሯል።

ለታካሚው ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው፣ በእኔ ግምት፣ ገመዱ በመርፌ ውስጥ ሲገባ ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ እጢ ወይም ሊምፍ ኖድ ይወጋል። ፍሎረሲን የተባለ ቀለም በደም ሥር ይሰጣል። ከዚያ በመርፌው ጫፍ ያለውን ህዋስ ያያል። ይህን ስልት በሰፊው ያጠኑት አምስተርዳም ያሉ ሐኪሞች ናቸው። የካንሰር ምልክት ብለው ከያዟቸው መካከል የተለቁና ቅርጻቸው የተዛባ ህዋሶች እንዲሁም ጥቁር ጓሎች ይገኙበታል። ብሮንኮስኮፒ ሠርቶ ናሙናው «በቂ አይደለም» ተብሎ የተመለሰበት ሰው ጉዳቱን ያውቀዋል። እንደገና መተኛት፣ እንደገና መጠበቅ ነው። መርፌው ትክክለኛው ቦታ ላይ መሆኑን ከመውሰዱ በፊት ማወቅ ይህን ሊያስቀር ይችላል። ሳንባቸው ለሚጠጥር ታካሚዎችም ተመሳሳይ ሐሳብ አለ፤ ሥጋውን አቀዝቅዞ በሚይዝ መሣሪያ ቁራጭ ከመውሰድ በፊት የሳንባው የውጭ ሽፋን ቅርብ መሆን አለመሆኑን ማየት። ሽፋኑ ከተቀደደ አየር ወጥቶ ሳንባው ይሟሽሻል።

ከዚህ ጋር የሚወዳደር ሌላ ዘዴ ኦፕቲካል ኮሄረንስ ቶሞግራፊ ነው። መሠረቱ በ1991 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የታተመ ሥራ ሲሆን፣ መጀመሪያ ለዓይን ምርመራ ገነነ። ከኮንፎካሉ በጣም ጠልቆ፣ እስከ 2 እና 3 ሚሊ ሜትር ያያል። የቧንቧውን ግድግዳ ንብብር በንብብር ያሳያል። አንድን ህዋስ ለይቶ የማሳየት አቅሙ ግን ያነሰ ነው።

በአሁኑ ደረጃ ሁለቱም ዘዴዎች ባዮፕሲን፣ ማለትም ሥጋ ቆርጦ መመርመርን፣ አይተኩም። የካንሰሩን ዓይነት ለመለየትና የዘረመል ለውጡን መርምሮ መድኃኒት ለመምረጥ ሥጋው ራሱ ያስፈልጋል። መሣሪያው ውድ ነው፤ ምስሉን ማንበብም ሥልጠና ይፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛው ሥራ አሁንም የምርምር ማዕከላት ውስጥ ነው የሚሠራው። እዚያም ለአስም፣ ለሳንባ ንቅለ ተከላና በመተንፈሻ ማሽን ላይ ላሉ ሕሙማን እየተሞከረ ነው።