ስም ቢቀየር የሰው አመለካከት ይቀየራል?

አንዳንድ የሳይንስ ዘርፍ ስሙ ሲጠፋ አዲስ ስም ይወጣለታል። ይሠራል ወይ? እንደ ችግሩ ነው።

የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየውን የሕክምና ማሽን፣ ኤምአርአይን፣ እንውሰድ። ድሮ ስሙ ውስጥ «ኒውክሌር» የሚል ቃል ነበረበት። ቃሉ የአቶምን እምብርት ለማለት የገባ እንጂ ከቦምብም ሆነ ከአደገኛ ጨረር ጋር አይገናኝም፤ ማሽኑ የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ግን በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ይህን ለእያንዳንዱ ታካሚ ማን ቁጭ ብሎ ያስረዳል? ቃሉ ወጣ። ዛሬ እዚያ ቱቦ ውስጥ የሚገባ ሰው የሚጨንቀው ጥበቱና ጩኸቱ ነው። ፍርሃቱ ከቃሉ የመጣ ስለነበር ከቃሉ ጋር ሄደ።

ቀዝቃዛ ፊውዥን ግን ሌላ ነው። ፊውዥን የአቶም እምብርቶች ተዋህደው ኃይል የሚያወጡበት ሂደት ነው፤ በተለምዶ እጅግ ከፍተኛ ሙቀት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ፍላይሽማንና ፖንስ የተባሉ ኬሚስቶች በክፍል ሙቀት ፊውዥን አገኘን አሉ፣ ሌሎች ላቦራቶሪዎች ደጋግመው ሲሞክሩት አልመጣ አለ፣ ነገሩም መሳቂያ ሆነ። ያልተዉት ተመራማሪዎች ሌላ፣ ረዘም ያለ ስም አወጡለት። ጥርጣሬው ግን ከውጤቱ ነበር የመጣው፣ ስለዚህ ንቅንቅ አላለም።

የብሪታንያው የዩጀኒክስ ማኅበርማ ይባስ! ዩጀኒክስ ማን ይውለድ፣ ማን አይውለድ እየተባለ ተመርጦ የሰው ዘር «ይሻሻል» የሚል አስተሳሰብ ነው። ማኅበሩ በዚያው በ1989 ስሙን ቀይሮ «ጋልተን ኢንስቲትዩት» ተባለ። ጋልተን ማን ነው? የዩጀኒክስ አባት ራሱ። በ2021 እንደገና ቀየሩት።