የከፍተኛ አይኪው ፈተናዎች ኖርም ምንድን ነው?

ኖርም ማለት ተፈታኙ በትክክል የመለሳቸውን ጥያቄዎች ብዛት፣ ማለትም ጥሬ ውጤቱን፣ ወደ አይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ነጥብ) የሚቀይር ሰንጠረዥ ነው። ከፍተኛ አይኪው ፈተናዎች የሚባሉት መደበኛዎቹ ፈተናዎች ከሚደርሱበት በላይ ለመለካት የሚዘጋጁት ናቸው። በመደበኛ ፈተናዎች ሕዝቡን በዕድሜ፣ በጾታና በትምህርት ደረጃ የሚወክሉ ሰዎች ተመርጠው ይፈተናሉ። አማካያቸው 100 ይባላል፤ አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ውጤቶች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ መለኪያ) 15 ነጥብ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የዌክስለር የአዋቂዎች ፈተና አራተኛ እትም በአሜሪካ ኖርም የወጣለት በ2,200 ሰዎች ነው፤ ጣሪያው፣ ማለትም የሚሰጠው ከፍተኛ ውጤት፣ 160 ነው። 160 እና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ግን ከ31,500 ሰው አንድ ገደማ ስለሆነ፣ በ2,200 ሰው መካከል አንድም ላይገኝ ይችላል። አሥሩን ለማግኘት ከ300,000 በላይ ሰው መፈተን ያስፈልጋል።

ስለዚህ የከፍተኛ አይኪው ፈተና አዘጋጆች በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። ሮናልድ ሆፍሊን ያዘጋጀው ባለ 48 ጥያቄ ሜጋ ቴስት እ.ኤ.አ. በ1985 ኦምኒ መጽሔት ላይ ወጣ፤ አንባቢዎች ያለ ሰዓት ገደብ ቤታቸው ሠሩት። ኖርሙም የተሠራው ፈቃደኞቹ ቀድሞ በሌሎች ፈተናዎች ያገኙትን ውጤት ከአዲሱ ጋር በማስተያየት ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። የጥሬ ውጤቶቹ አማካይ 20፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው 8 ይሁን፤ የቀድሞዎቹ አማካይ ደግሞ 135፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው 12። 36 ያገኘ ሰው ከአማካዩ በሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይበልጣል፤ ስለዚህ 135 + 24 = 159 ይሰጠዋል። በሪግሬሽን ቢሰላና ኮሪሌሽኑ (የሁለቱ ፈተናዎች ውጤት ምን ያህል አብሮ እንደሚሄድ የሚያሳየው ቁጥር) 0.5 ቢሆን ግን 135 + 12 = 147 ይሆናል። ሪግሬሽን የሚተነብየው ሰውዬው በቀድሞው ፈተና ስንት እንደሚያገኝ ነው። ሁለት መለኪያዎችን ለማገናኘት ትክክለኛው የመጀመሪያው ስሌት ነው፤ ሆኖም ኮሪሌሽኑ ዝቅ ካለ በዚያ የተገኘውም ቁጥር አያስተማምንም።

በብዛት የሚበላሸው ግን ከስሌቱ በፊት፣ መረጃው ሲሰበሰብ ነው። ብዙ ፈተና የወሰደ ሰው የሚያሳውቀው ከፍተኛውን ብቻ ከሆነ ኖርሙ በሙሉ ወደ ላይ ይገፋል። አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 24 ነጥብ በሆነበት በካቴል ፈተና መለኪያ የተገኘ 148 በ15ቱ 130 ብቻ ነው (48 ÷ 24 = 2፤ 2 × 15 = 30)። ይህ ሳይቀየር ከሌሎቹ ጋር ከተደባለቀ 18 ነጥብ በከንቱ ይጨመራል። የቀድሞው ፈተና ጣሪያ 160 ከሆነም ከዚያ በላይ የሚያወዳድሩት ነገር አይኖርም፤ መስመሩ በግምት ይቀጥላል። መልሶች ሾልከው ከወጡ ደግሞ ሰንጠረዡ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሠራም።

ከላይ በሰጠነው ምሳሌ 40 ያገኘ 165፣ 41 ያገኘ 166.5 ይሆናል። በአንዷ ጥያቄ ብቻ ብርቅነቱ ከ136,000 አንድ ወደ 215,000 አንድ ይዘላል፤ ከ160 በላይ ይህን ልዩነት የሚያረጋግጥ አንድም የተመዘነ ሰው ሳይኖር። ስለዚህ ሰንጠረዥ ሲቀርብልዎ ስንት ጥንድ ውጤት እንደተጠቀሙ፣ ከየትኞቹ ፈተናዎች እንደሰበሰቡ፣ ኮሪሌሽኑ ስንት እንደሆነና እውነተኛው መረጃ የትኛው ጥሬ ውጤት ላይ እንደሚያበቃ ይጠይቁ።